መሬቱ በማይያዝበት አገር ብድር እንዴት ይገኛል?
የካናዳ ነባር ሕዝቦች ያገኙት መላ

ገበሬ ያለ በሬ እንደማያርስ ሁሉ ነጋዴም ያለ መነሻ ገንዘብ አይነግድም። መነሻው ያነሰው ነጋዴ ወደ አበዳሪ መሄዱ የታወቀ ነው፤ አበዳሪውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብትከስር የምይዘው ምን አለህ?» ብሎ ነው። እንግዲህ ንብረቱ በሕግ እንዳይያዝ የተከለከለበት ሰው፥ ሀብት ቢኖረውም እንኳ፥ ከአበዳሪ ደጃፍ ባዶ እጁን ይመለሳል። በካናዳ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ይህ ችግር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስጨንቃቸው ኖሮ፥ በቅርብ ዘመን ግን የሚወጡበትን መንገድ እየቀየሱ መጥተዋል። መንገዱ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። ስለ ካናዳ በምንጽፈው ሁሉ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ገንዘቡም በካናዳ ዶላር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሕግ ያሠረው ንብረት

በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በካናዳ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች 1.8 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶው አምስት እጅ ይሆናሉ። እነዚህም ቀድሞ «ቀይ ሕንዶች» ይባሉ የነበሩትና ዛሬ «ፈርስት ኔሽንስ» ማለትም የቀደሙ ብሔሮች የሚባሉት፥ እንዲሁም ኢኑይትና ሜቲስ ናቸው። ከቀደሙት ብሔሮች ብዙዎቹ የሚኖሩት «ሪዘርቭ» በሚባል የተከለለ መሬት ላይ ነው። የዚህ መሬት ባለቤትነት በሕግ የዘውዱ ሆኖ፥ የመጠቀሙ መብት ግን ለማኅበረሰቡ የተጠበቀ ነው።

በ1876 የወጣው፥ ብዙ ጊዜም ቢሻሻል እስከ ዛሬ የሚሠራበት «የኢንዲያን ሕግ» በ89ኛው አንቀጹ፥ በሪዘርቭ ውስጥ ያለ የአንድ ኢንዲያን ወይም የማኅበረሰቡ ንብረት፥ የሚንቀሳቀስም ሆነ የማይንቀሳቀስ፥ ኢንዲያን ላልሆነ ሰው መያዣ እንዳይሆንና በዕዳ እንዳይወሰድ ይከለክላል። የሕጉ ሐሳብ ባለ ዕዳው መሬቱን እንዳያጣ ለመጠበቅ ነበር። ዳሩ ግን ሌባ እንዳይገባ የታጠረ አጥር እንግዳንም ይመልሳል። በሪዘርቭ ውስጥ በራሱ ስም ሱቅ የከፈተ ሰው ሱቁን፥ በመደርደሪያው ያለውን ሸቀጥ፥ ማቀዝቀዣውንም ቢሆን ለባንክ መያዣ አድርጎ መስጠት አይችልም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ግን በቤቱ መያዣነት ተበድሮ ንግዱን ያሰፋል።

እንቅፋቱ ይህ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ሜዳማ ክፍላተ ሀገር የሚያርሱት ነባር ገበሬዎች እህላቸውንና ከብታቸውን ለመሸጥ የመንግሥት ሹም ፈቃድ እንዲያስፈልጋቸው የሚያደርግ አንቀጽ ነበረ። በኋላ ዘመን ባይሠራበትም ከሕጉ መጽሐፍ የተሰረዘው በ2014 ነው። ከ1927 እስከ 1951 ድረስም የመሬት ክስ ለማቅረብ ገንዘብ ማሰባሰብ ያለ መንግሥት ፈቃድ የተከለከለ ነበር። አባት ለልጅ ጥሪት እንዳያወርስ እንዲህ ከተደረገ፥ ልጁ መነሻ ገንዘብ ማጣቱ ሊያስደንቅ አይገባም።

የመጀመሪያው በር

አጥሩን ለመክፈት ከሠሩት ሰዎች አንዱ የካምሉፕስ ሹም የነበሩት ማኒ ጁልስ ናቸው። በእሳቸው መሪነት በተደረገው ጥረት ሕጉ በ1988 ተሻሽሎ፥ በማኅበረሰቡ ፈቃድ ለኪራይ በተመደበ የሪዘርቭ መሬት ላይ ያለ የኪራይ መብት መያዣ ሊሆን ቻለ። መሬቱ ራሱ አይሸጥም፤ በላዩ የመከራየት መብት ግን በባንክ ፊት ዋጋ አገኘ።

ከዚያው ዘመን ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት መነሻ ገንዘብ የተረዱ፥ በነባር ሕዝቦቹ በራሳቸው የሚመሩ ትንንሽ አበዳሪ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ዛሬ ቍጥራቸው ከ50 ይበልጣል፤ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ያበደሩትም ተደምሮ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። የእነዚህ ድርጅቶች ብልኀት ተበዳሪውን ማወቅ ነው። ሹሙ ወይም ጎረቤቱ የሚመሰክርለትን ዓሣ አጥማጅ ወይም ባለ ሱቅ፥ በከተማ ያለው የባንክ ጸሐፊ ከሚያውቀው ይልቅ እነሱ ያውቁታል። በ1996ም ከአንድ ታላቅ የካናዳ ባንክ ጋር በመተባበር «ፈርስት ኔሽንስ ባንክ ኦፍ ካናዳ» በሳስካቱን ከተማ ሥራውን ዠመረ።

የእነዚህ ድርጅቶች ጉድለት የገንዘባቸው ማነስ ነበር። ያበደሩት ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ሌላውን ተበዳሪ «ቈይ» ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህም በ2021 ከመንግሥትና ከሌሎች ገንዘብ አቅራቢዎች የተሰበሰበ 150 ሚሊዮን ዶላር የያዘ የዕድገት ገንዘብ ተቋቍሞ በእነዚሁ አበዳሪዎች በኩል ለነጋዴው እንዲደርስ ተደረገ።

ገቢው ራሱ መያዣ ሆነ

ከሁሉ የሚበልጠው መላ ግን በ2005 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የቀደሙት ብሔሮች የፋይናንስ ባለሥልጣን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መበደር የፈለገ ማኅበረሰብ በመጀመሪያ የገንዘብ አስተዳደር ደንብ ያወጣል፤ ሒሳቡንም ለይቶ በተቋቋመ ቦርድ አስመርምሮ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ከዚህ በኋላ መሬቱን ሳይሆን ገቢውን፥ ይኸውም የኪራዩን፥ የግብሩን፥ የዓሣውን ወይም ከማዕድንና ከደን ውል የሚያገኘውን ገንዘብ መያዣ ያደርጋል። ገንዘቡ በአደራ ወደ ተከፈተ ሒሳብ በቀጥታ ይገባል፤ ከዚያም የዕዳው ክፍያ አስቀድሞ ተነሥቶ የቀረው ለማኅበረሰቡ ይለቀቃል።

ባለሥልጣኑም የብዙዎቹን ማኅበረሰቦች ጥያቄ በአንድነት ሰብስቦ፥ በሁሉም ስም የብድር ሰነድ (ቦንድ) ለገበያ ያቀርባል። ከእያንዳንዱ ብድር ከመቶው አምስት እጅ ተቀንሶ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። አንዱ መክፈል ቢያቅተው መጠባበቂያው ይከፍላል፤ መጠባበቂያው ቢጎድል ደግሞ የቀሩት ተበዳሪዎች ይሞሉታል። ዕቁብተኛ ዋስ ጠርቶ ዕጣውን እንደሚወስድ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ለየብቻው ቢሄድ በከፍተኛ ወለድ እንኳ አበዳሪ የማያገኝ ትንሽ ማኅበረሰብ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ሲቀርብ ታላላቅ ከተሞች በሚበደሩበት ገበያ ውስጥ ቦታ አገኘ። የመጀመሪያው ሰነድ በ2014 ሲሸጥ 90 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሰጠው ብድር በጠቅላላው ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

ተበዳሪው ባለቤት ሆነ

የዚህ ሥራ ፍሬ ጎልቶ የታየው በአትላንቲክ ጠረፍ፥ በሚክማቅ ሕዝብ ዘንድ ነው። በኖቫ ስኮሺያ፥ በሲድኒ ከተማ የሚገኘው ሜምበርቱ የተባለው ማኅበረሰብ በ1926 በወደብ አጠገብ ከነበረው ስፍራው በግድ እንዲነሣ የተደረገ ነው። በ1990ዎቹ እኩሌታ ገደማ ዓመታዊ በጀቱ 4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ አንድ ሚሊዮን ያህል ይጎድልበት ነበር። ከ1984 ጀምሮ ሹም የሆኑት ቴሪ ፖልና የሥራ ባልደረቦቻቸው ወጪውን ቀነሱ፤ ሒሳባቸውንም ለሕዝብ ገለጡ፤ በ2002ም ከነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች የመጀመሪያ ሆነው ዓለም አቀፍ የአሠራር ጥራት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ገና ታላቅ ብድር አልተጠየቀም ነበር። መዝገቡ ከብድሩ ቀደመ ማለት ነው።

በጥር ወር 2021 ግን ሜምበርቱና በኒውፋውንድላንድ የሚገኘው ሚያውፑኬክ መሪ የሆኑባቸው ሰባት የሚክማቅ ማኅበረሰቦች፥ ፕሪሚየም ብራንድስ ከተባለው ኩባንያ ጋር እኩል ሆነው፥ በሎብስተርና በስካሎፕ ንግድ የታወቀውን ክሊርዎተር የተባለውን የባሕር ምግብ ላኪ ኩባንያ ገዙ። የሽያጩ ጠቅላላ ዋጋ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ለማኅበረሰቦቹ ድርሻ 250 ሚሊዮን ዶላር በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር የሰጠው ይኸው የፋይናንስ ባለሥልጣን ነው። የተነሡበት ባሕር ዓሣ ባለ ድርሻ ሆኑ።

መንግሥትም በ2024 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የብድር ዋስትና መደበ፤ በ2025ም ወደ 10 ቢሊዮን ከፍ አደረገው። የመጀመሪያው ዋስትና 400 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያሉ 36 ማኅበረሰቦች ከአንድ የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ መሥመር ድርሻ እንዲገዙ አገልግሏል።

ያልተዘጋው ክፍተት

ነገሩ ሁሉ ተፈጽሟል ለማለት ግን አይቻልም። ታላላቁ ብድርና ዋስትና የሚደርሰው ለማኅበረሰብ ነው፤ ብቻውን ሱቅ ለከፈተው ሰው ግን 89ኛው አንቀጽ እንዳለ ነው። የሚያስይዘው ገቢ የሌለው፥ ከከተማና ከመንገድ የራቀ ማኅበረሰብም ከደጅ ይቀራል። ገቢን መያዣ ማድረግ የራሱ አደጋ አለው፤ ዓሣው ቢጠፋ ወይም ዋጋው ቢወድቅ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ይውል የነበረው ገንዘብ አስቀድሞ ለዕዳ ይሄዳል። ስለዚህ ብድር ሲገኝ ደስታው ከጥንቃቄ ጋር መሆን አለበት።

ለእኛ ነጋዴዎች

በአገራችንም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ ተደንግጓል። ታሪኩ ከካናዳው የተለየ ቢሆንም፥ የሚያሲዘው ሕንፃ የሌለው ነጋዴ የሚገጥመው ጥያቄ ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፥ ማለትም ሸቀጥን፥ መሣሪያን፥ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብንም ጭምር በመዝገብ አስመዝግቦ መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። በሩ በሕግ ተከፍቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ሸቀጥና ያልተሰበሰበ ሒሳብ እንደ ቤት በዓይን የሚታዩ አይደሉም፤ የሚታዩት በመዝገብ ብቻ ነው። በንግድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ የብድር ማመልከቻ ማዘጋጀት የዘወትር ተግባራችን ስለ ሆነ፥ ምን ያህሉ ነጋዴ ገቢውን በልቡ እንጂ በወረቀት እንደማይዝ እናውቃለን። ሐቀኛ ሆኖ ሳለ ሐቁን የሚያሳይበት ሰነድ የለውም። ሜምበርቱ ከመበደሩ አስቀድሞ መዝገቡን አስተካከለ፤ ማኅበረሰቦቹም ለየብቻቸው ሳይሆን በኅብረት ቀረቡ። ስለዚህ አስመጪው የዕቃውን ሰነድ፥ ላኪው የውሉን ወረቀት፥ ባለ ሱቁም የዕለት ሽያጩን ከዛሬ ጀምሮ በሥርዐት ይያዝ። በአንድ ሥራ የተሰማሩ ትንንሽ ነጋዴዎችም እርስ በርሳቸው ዋስ ሆነው ወደ አበዳሪ የሚቀርቡበትን መንገድ በየማኅበራቸው ይምከሩበት። አበዳሪ ቤቶችም ከግድግዳው ይልቅ ነጋዴው በየወሩ የሚያስገባውን መመልከት ቢለምዱ፥ ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ይሆናል።