ድድ ሲደማ ብሩሹን መጣል

በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች አካባቢ ጠዋት ጠዋት የሚሰማ አንድ ንግግር አለ፤ «ድዴ ስለሚደማብኝ ጥርሴን መቦረሽ ትቻለሁ» የሚል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ የቆሰለ ቦታ አይነካምና። የድድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ድድ የሚደማው ስለተቦረሸ ሳይሆን በሚገባ ስላልጸዳ ነው።

ይህንንም ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ በተባለው ከተማ ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተሻላቸው። ከ12ቱ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ፤ ትምህርቱ ብቻውን ድዳቸውን አላዳነላቸውም!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በባክቴሪያ የተሞላ ለስላሳ ቆሻሻ ይለጠፋል። ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ተማሪው ደሙን ፈርቶ ያንን ቦታ ሲያልፈው ቆሻሻው ይበዛል፣ መድማቱም ይብሳል። ቆሻሻው ውሎ አድሮ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ብሩሽ አያነሳውም፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማሳጠብ ያስፈልጋል። ሳይታከም የቀረ እንደሆነ በአንዳንዶች ላይ ጥርስን የያዘውን አጥንት እየበላ ጥርሱን ያነቃንቃል።

በፈተና ሰሞን ደግሞ ሌሊቱን በጣፋጭ ሻይ ማምሸትና ሳይቦርሹ መተኛት የተለመደ ነው። የሚያጨስ ተማሪም «የእኔ ድድ አይደማም» ብሎ እንዳይዘናጋ። ሲጋራ ደሙን ይቀንሰዋል እንጂ በሽታውን ያብሰዋል።

ሙስሊም ተማሪ በዚህ ረገድ በእጁ ያለ ነገር አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲዋክን ለየሰላቱ እጅግ መውደዳቸው፣ ግዴታ ያላደረጉትም ለኡመታቸው አዝነው መሆኑ በሐዲስ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀም አበረታቷል። ችግሩ ብዙዎቻችን መንገድ ላይ እየሄድን የፊት ጥርሳችንን ብቻ ፍቀን መመለሳችን ነው። የአራክም ይሁን የወይራ፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይለስልስ፤ ያረጀው ጫፍ ይቆረጥ፤ በድዱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ይኺድ። የመንጋጋና የጥርስ ውስጠኛው ጎን ለመፋቂያ ስለማይመች ማታ ከመኝታ በፊት ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይታከልበት።

በውዱእ ጊዜ ደም ስለሚያይም የሚጨነቅ አለ። በሻፊዒ መዝሀብ የድድ ደም ውዱእን አያፈርስም። በሐነፊ ግን ደሙ ከምራቁ ከበለጠ ወይም ከተስተካከለ ያፈርሳል። በረመዳንም ሻፊዒዮች ከቀትር በኋላ መፋቅን ይጠላሉ፣ ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ። በሁለቱም ዘንድ ሱሑር ከተበላ በኋላ ፈጅር ሳይገባ መቦረሽ የሚከለክል የለም።

በሚገባ እየጸዳ ሁለት ሳምንት ያለፈው መድማት ለጥርስ ሐኪም ይታይ። ሳይነኩት የሚፈስ፣ ወይም ከትኩሳት፣ ከነስርና ከቆዳ መበለዝ ጋር የመጣ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል።