የጉማራ ጠጠር

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደብረ ታቦር ወርጄ አጎቴ ዘንድ እከርም ነበር። ቤቱ ከጉማራ ገባር ወንዞች በአንዱ ዳር ነው። ቡሄ ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት መቀስቀሱ አይቀርም፤ «ተነስ፣ ነጭ ዓሣው ወጥቷል!» ጨለማ ነው፣ የሚታይ የለም። ከጠጠሩ ላይ ግን ልብስ በእጅ እንደሚታጠብ ያለ የመንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማል።

ያኔ ዓሣው ከጉና ተራራ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከጣና ነው የሚወጣው።

የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። ጉማራም ርብም ከጉና ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች 15 ዝርያ አድርገው ለይተውታል። ስምንቱ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው! ከአሥራ አምስቱ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወንዝ ይሻሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ጉማራን ይዘው ይወጡና ጥርት ወዳሉት ገባሮች ይታጠፋሉ።

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በጠጠር ላይ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ተሸሽጎ ይቆያል፤ አየር የሚያገኘው በላዩና በሥሩ ከሚሮጠው ውሃ ነው። ውሃው ከሰነፈ ደለል ይተኛበታል፣ ታፍኖ ይቀራል። ወንዙ ድንገት ቢጎድል ደግሞ ጠጠሩ ፀሐይ ይመታዋል፤ የተፈለፈለውም ጫጩት ከዋናው ውሃ ተቆርጦ ኩሬ ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓና የአሜሪካ ዓሣ አጥማጆች የሚሳሱለት ትራውትም ጠባዩ ይኸው ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት እዚያ የኖረው ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ ስላገኘ ነው።

አጎቴ ጻድቅ አልነበረም። ወንዙ ሲቀጥን ብርብራ ወቅጦ ኩሬው ውስጥ ይበትናል፤ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል። እኔም በእንቅብ ለቅሜያለሁ። በሙላት ጊዜ ቢበትነው ኖሮ መርዙን ጎርፉ ባሳሳው ነበር፤ ውሃ ሲያንስ ግን ክፋት ሁሉ ይበረታል።

ከብርብራው የባሰውን ያመጣው መረብ ነው። በወንዞቹ አፍ ላይ፣ ዓሣው ሊወጣ በተሰበሰበበት ሰሞን ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወንዝ ወጪው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎች መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ የፎገራ የውሃ ሞተር መጣ፣ የአሸዋ ንግድ መጣ፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደው የርብ ግድብ መጣ። ግድቡን አልጠላም፤ የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት የምበላ ሰው ነኝ። ነገር ግን ግድብ የሚሞላው በክረምት ነው፤ ዓሣውም ውሃውን የሚፈልገው በዚያው በክረምት ነው። በጋ ላይ የሚለቀቀው ውሃ ለሽንኩርቱ እንጂ ለነሐሴ እንቁላል አይደርስም። ስለ ወንዝ ስንከራከር ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ እንጂ በየትኛው ወር እንደሚወርድ የሚጠይቅ ብዙም አልሰማሁም።

ባለፈው ነሐሴ ወረድሁ። ያ ጠጠር የነበረበት ቦታ ተቆፍሮ ጉድጓድ ሆኗል፤ የገልባጭ መኪና ጎማ ዱካ ውሃ ቋጥሯል። አጎቴ አርጅቷል፣ ከመደቡ አይወርድም።

«ወጥቶ አየኸው?» አለኝ።

«ውሃው ደፍርሷል አጎቴ፣ ምንም አይታይም።»

«አንተ ደግሞ! መቼ በዓይን አየነውና? ሌሊት ወጥተህ አድምጥ እንጂ» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወጥቼ ቆምሁ። ከታች የሚሰማው የሞተር ድምፅ ነበር።