አገልግሎት ፈላጊን የማያንገላታ ድረ ገጽ፦ ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር አገልግሎት ሰጪዎች የቀረበ ማብራሪያ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በጎንደር ከተማ የሚገኘው የፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። እነዚህን ቅርሶች ለመጎብኘት የሚነሣ እንግዳ፣ በጎንደር ማረፊያ የሚፈልግ ቤተሰብም ሆነ ከደባርቅ አስጎብኝ ለመቅጠር የሚያስብ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄውን የሚያቀርበው በእጅ ስልኩ ነው። በመሆኑም የአንድ እንግዳ ማረፊያ፣ የአስጎብኝዎች ማኅበር ወይም የዕደ ጥበብ ሱቅ ድረ ገጽ እንደ አንድ የአገልግሎት መስኮት ሊታይ ይገባል። ወደ መስኮቱ የቀረበ ሰው መልስ ሳያገኝ ሲመለስ፣ ገቢያቸው በእንግዳ ላይ ለተመሠረተ አስጎብኝዎች፣ ስካውቶች፣ ምግብ አብሳዮችና ባለበቅሎዎች አንድ የሥራ ቀን ይቀርባቸዋል።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ድረ ገጽ ለማሠራት ለሚያስቡ ወይም ያላቸውን ለማሻሻል ለሚፈልጉ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና ድርጅቶች ነው። ዋና መልእክቱም የድረ ገጽ ውበት የሚለካው ተጠቃሚው የፈለገውን መረጃ በፍጥነትና ያለ ስህተት ማግኘት በመቻሉ እንደሆነ ማስገንዘብ ነው።

1. ከቀለም ምርጫ በፊት የተጠቃሚውን ጥያቄ መለየት

ድረ ገጽ የሚያሠራ ድርጅት በቅድሚያ ሊያከናውነው የሚገባ ተግባር ደንበኞች በስልክና በአካል ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች መመዝገብ ነው። ለምሳሌ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ እንግዳ ማወቅ የሚፈልገው ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን ርቀት (100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፣ የመግቢያ ክፍያው የት እንደሚፈጸም፣ አስጎብኝና ስካውት እንዴት እንደሚመደቡ፣ በሳንቃበር፣ በግጭ ወይም በጨነቅ ማደር የሚችል መሆኑን፣ ለሌሊቱ ብርድ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያስፈልገውና በቅሎ በስንት እንደሚከራይ ነው። የእነዚህ ጥያቄዎች መልሶች የድረ ገጹ ዋና ይዘት ይሆናሉ።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስት ነገሮች ወዲያውኑ መታየት አለባቸው፤ እነርሱም የሚሰጠው አገልግሎት፣ ቦታው፣ የሥራ ቀንና ሰዓት፣ ዋጋና መገናኛ ስልክ ናቸው። የድርጅቱ ታሪክና የሥራ ኃላፊው መልእክት ከእነዚህ በኋላ ቢቀርቡ ይመረጣል። የዋናው ማውጫ ርእሶች ከስድስት ባይበልጡና «ዋጋ»፣ «አድራሻ»፣ «ቦታ ለመያዝ» በሚሉ ግልጽ ቃላት ቢጻፉ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ሳይቸገር ያገኛል። ዋጋ ሲገለጽ ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትትና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

2. ቀንና ሰዓት፦ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ

በአገራችን ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችና ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ስለሚሠራባቸው ከውጭ የተቀዳ የድረ ገጽ ንድፍ እንዳለ ሲወሰድ ስህተት ይፈጥራል። አንድ አስጎብኝ ማኅበር «መነሻ 12:00» ብሎ ቢጽፍ ለአካባቢው ሰው ጉዞው የሚጀምረው ማለዳ ነው፤ የውጭ አገር እንግዳ ግን እኩለ ቀን ላይ ሊደርስና የዕለቱ የእግር ጉዞ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ሲጻፍ «ከንጋቱ 12 ሰዓት (በውጭው አቆጣጠር ከጠዋቱ 6:00)» በሚል አኳኋን ሁለቱንም መግለጽ ያስፈልጋል።

በቀን አጻጻፍም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል። «11/5/2016» ተብሎ በአኃዝ ብቻ የተጻፈ ቀን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የውጭ አንባቢ ግን ሜይ 11 ወይም ኖቬምበር 5 ቀን 2016 አድርጎ ሊረዳው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና አቆጣጠሩን መለየት ይህን አሻሚነት ያስቀራል።

ጉዳዩ በተለይ ለጎንደር የጥምቀት በዓል መስተንግዶ ትልቅ ትርጉም አለው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን የሚከበር ሲሆን በአብዛኞቹ ዓመታት ከጃንዋሪ 19 ጋር ይገጥማል። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት ግን ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸጋገራል። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ሲሆን፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነበር። በድረ ገጹ ላይ በየዓመቱ «ጃንዋሪ 19» የሚል ቋሚ ጽሑፍ ያስቀመጠ ማረፊያ፣ እንግዳው በዓሉ ከሚውልበት አንድ ቀን ቀድሞ ክፍሉን እንዲለቅ ሊያደርገው ይችላል። ቦታ ለመያዝ የሚያገለግል ቅጽ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ቅጹ 13ኛውን ወር የሚያውቅ መሆኑን፣ ካልሆነም ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ መሆኑን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ አለበት።

3. የግዕዝ ፊደል በትክክል እንዲነበብ ማድረግ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ሥሪት ውስጥ ተካትቷል። ከዚያ በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ ሰነዶች በቀጥታ ተገልብጠው ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የቆዩ ጽሑፎችን ወደ ዩኒኮድ ለውጦ በሰው ዓይን ማረም ተገቢ ነው።

ከዚህ የማይተናነሰው ችግር ጽሑፍን በሥዕል መልክ ማቅረብ ነው። በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ብቻ የሰፈረ ዋጋ ወይም ስልክ ቁጥር ሊቀዳ አይችልም፤ በፍለጋ የመገኘት ዕድሉም አነስተኛ ነው፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሚያነብ ፕሮግራምም በወጉ ላያነበው ይችላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለው መረጃ ከሥሩ በጽሑፍ መደገም አለበት።

የፊደል መጠንም ትኩረት ይሻል። «ሰ» እና «ስ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በጥቃቅን ቅጥያዎች ስለሆነ ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለግዕዝ ሊያንስ ይችላል። በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት መተውም ንባብን ያቀልላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው አጽንዖት በመጠን ወይም በማድመቅ ቢገለጽ ይሻላል፤ ፊደሉን ማዝመም ለንባብ አይመችም።

የአጻጻፍ ልዩነትም መታሰብ አለበት። የከተማዋ ስም «ጎንደር» ወይም «ጐንደር»፣ የተራሮቹም «ሰሜን» ወይም «ስሜን» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ድርጅቱ አንዱን መርጦ በሁሉም ገጾች ቢጠቀም ጽሑፉ ወጥ ይሆናል። በድረ ገጹ ውስጥ ያለው የፍለጋ ሳጥን ግን እነዚህን ልዩነቶችና ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ሆኖ መዘጋጀት ይኖርበታል።

4. የገጹን ክብደት መቀነስ

በተራራማ ቀበሌዎች የኔትወርክ ጥራት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የዳታ ወጪውንም የሚሸፍነው ተጠቃሚው ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚይዝ 1,000 ፊደላት ያሉት ጽሑፍ 3,000 ባይት ያህል ብቻ ነው። በስልክ ተነሥቶ ሳይቀነስ የተጫነ 3 ሜጋባይት ፎቶግራፍ ግን የዚህን ጽሑፍ 1,000 እጥፍ ይመዝናል። እንደዚህ ያሉ አሥር ፎቶግራፎች የተደረደሩበት ገጽ 30 ሜጋባይት ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ወደ 150 ኪሎባይት ቢቀነስ ጠቅላላው ወደ 1.5 ሜጋባይት ይወርዳል፤ በስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው የጥራት ልዩነትም አነስተኛ ነው።

በራሳቸው የሚጀምሩ ቪዲዮዎችና ሙዚቃ፣ እንዲሁም እየተፈራረቁ የሚያልፉ ትላልቅ ሥዕሎች ቢቀሩ ይመረጣል። ጭላዳ ዝንጀሮንና ዋልያን የሚያሳዩ ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ፎቶግራፎች ከሃያ ተመሳሳይ ምስሎች ይልቅ ፓርኩን ያስተዋውቃሉ። ፎቶግራፎቹ በራሱ በድርጅቱ የተነሡ ወይም በባለመብቱ ፈቃድ የተወሰዱ መሆን አለባቸው።

5. ለሁሉም ተጠቃሚ ተደራሽ ማድረግ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀች ሲሆን ስምምነቱ የመረጃና የመገናኛ ተደራሽነትንም ይመለከታል። ለድረ ገጽ በወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ መሠረት በመደበኛ ጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የድምቀት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ሊሆን ይገባል። በነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ የተጻፈ ጽሑፍ ይህን አያሟላም፤ በደጋው ጠራራ ፀሐይ ስልኩን ለሚያይ ሰው ሁሉ ያስቸግራል።

ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አጭር የጽሑፍ መግለጫ ማያያዝ፣ ቁልፎችን ጣት በቀላሉ በሚያርፍባቸው መጠን ማዘጋጀትና ስልክ ቁጥርን ሲነኩት በቀጥታ የሚደውል ማድረግ ወጪ የማይጠይቁ ማሻሻያዎች ናቸው። ከውጭ አገር ለሚደውሉ ሰዎች ቁጥሩ በ+251 ተጀምሮ፣ በአገር ውስጥ ከፊት የሚጻፈው ዜሮ ተነሥቶ መቀመጥ አለበት።

6. የደንበኛን እምነትና መረጃ መጠበቅ

ገንዘብ ወይም የግል መረጃ የሚቀበል ድረ ገጽ ግንኙነቱ የተመሰጠረ፣ ማለትም አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር መሆን አለበት። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፈል ክፍያ ካለ የሒሳቡ ባለቤት ስም ከድርጅቱ ስም ጋር አንድ ቢሆን ደንበኛው ከማጭበርበር ይጠበቃል። የደንበኛን የይለፍ ቃል ወይም የሚስጥር ቁጥር መጠየቅ በማናቸውም ሁኔታ ተገቢ አይደለም። የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ የሚሆንበት ሁኔታ ከመክፈያው ቁልፍ በፊት በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በዚህ ዘርፍ የወጡ ሕጎች በመሆናቸው ድርጅቶች ሊያውቋቸው ይገባል። በተግባርም ለሥራው የማያስፈልግ መረጃን አለመሰብሰብ ዋነኛው ጥንቃቄ ነው። ለአንድ ሌሊት ክፍል ለመያዝ ስም፣ ስልክና ቀን በቂ ከሆኑ የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ምስል አስቀድሞ መጠየቅ አያስፈልግም።

7. ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ውል

ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ቢለወጥም ድረ ገጹ በድርጅቱ እጅ መቆየት አለበት። ስለዚህ የድረ ገጹ አድራሻ በድርጅቱ ስም መመዝገቡ፣ የይለፍ ቃሎቹ ለድርጅቱ መተላለፋቸው፣ የአድራሻና የማስተናገጃ ዓመታዊ ክፍያ መጠንና የሚታደስበት ቀን መታወቁ፣ የጽሑፍና የፎቶግራፍ መጠባበቂያ ቅጂ መሰጠቱ በጽሑፍ ውል ውስጥ እንዲካተት ይመከራል። ዋጋ መለወጥንና ማስታወቂያ ማውጣትን የመሳሰሉ ሥራዎችን የድርጅቱ ሠራተኛ ራሱ ማከናወን እንዲችል ሥልጠና እንዲሰጠውም ውሉ ማስገደድ አለበት።

8. ከመክፈቻ በፊት የሚደረግ ሙከራና ቀጣይ ክትትል

ድረ ገጹ ለሕዝብ ክፍት ከመደረጉ በፊት ከዚህ ቀደም አይተውት ለማያውቁ አምስት ያህል ሰዎች፣ በተለመደ የእጅ ስልክና በሞባይል ዳታ እንዲሞክሩት መስጠት ጠቃሚ ነው። ዋጋውን፣ ቦታውንና ስልኩን እንዲያገኙ፣ ከዚያም ለአንድ ቀን ቦታ እንዲይዙ ይጠየቃሉ። ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ ማገዝም ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰዎቹ የቆሙበት ወይም የተሳሳቱበት ቦታ ተመዝግቦ ይስተካከላል።

ከተከፈተ በኋላም ድረ ገጹን የሚከታተል አንድ ኃላፊ መሰየም አለበት። ኃላፊው ዋጋንና የሥራ ሰዓትን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ያረጋግጣል፤ የመንገድ ወይም የጸጥታ ሁኔታ ሲለወጥ መረጃውን በዕለቱ ያድሳል፤ ገጹ የታደሰበትንም ቀን በግልጽ ያሰፍራል። የረጅም ጊዜ መረጃ ይዞ የቆየ ገጽ እንግዳን ለአላስፈላጊ ወጪና እንግልት ሊዳርግ ስለሚችል፣ በወቅቱ ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ ከገጹ ላይ እንዲነሣና በምትኩ ተጠቃሚው ደውሎ የሚጠይቅበት ስልክ ቁጥር እንዲቀመጥ ይመከራል።