ርግብና አውሮፕላን ሲጋጩ

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚገኘው የሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ በዋናነት የጭነት አውሮፕላኖች መናኸሪያ ነው። ስያሜውን ያገኘው የከተማዋ ተወላጅ ከሆነውና በአንደኛው የዓለም ጦርነት 26 የአየር ላይ ድሎችን ካስመዘገበው አብራሪ ከኤዲ ሪከንባከር ነው። አንድ ቦይንግ 747-8 የጭነት አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ እስከ 346 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ አንዲት ርግብ ግን ከ300 ግራም ብዙም አትበልጥም። (ኮሎምበስ የሚለው ስም ራሱ ርግብ ከሚል የላቲን ቃል መምጣቱ መልካም ግጥምጥሞሽ ነው።) ታዲያ አብራሪዎች ርግብን የሚፈሩት ለምንድን ነው?

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ 104 ሰዎችን አሳፍሮ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። የ35 ሰዎች ሕይወት አለፈ።

ሞመንተም የአንድ አካል መጠነ ቁስና ፍጥነት ብዜት ነው። በግጭት ጊዜ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል፤ ድምሩ አይለወጥም። በሰከንድ 75 ሜትር የሚበር አውሮፕላን 0.3 ኪሎ ግራም የምትመዝን ርግብን ቢመታ ወፏ በቅጽበት የእርሱን ፍጥነት ትይዛለች፤ የሞመንተም ለውጧም 22.5 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 50 ቶን የሚመዝነው አውሮፕላን በዚህ የሚያጣው ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተሳፋሪው ምንም አይሰማውም።

አደጋው ያለው በጊዜው እጥረት ላይ ነው። የወፏ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግጭቱ በሰከንድ አራት ሺኛ ያህል ያበቃል። ለውጡ ለጊዜው ሲካፈል አማካይ ጉልበቱ 5,600 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ከ550 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በቀጭን የሞተር ምላጭ ላይ ነው፤ ምላጩም ራሱ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከር ምቱ ከዚህም ይብሳል። አንዱ ምላጭ ሲጎዳ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሌሎቹን ያጠፋል።

ስለዚህ አዳዲስ ሞተሮች የወፍ ሬሳ እየተተኮሰባቸው ይፈተናሉ። ማረፊያዎችም ሣር ይቆጣጠራሉ፣ ቆሻሻ ያርቃሉ፣ በድምፅ ያባርራሉ።

በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው ግጭትም በዚሁ በኦሃዮ የደረሰ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ኦርቪል ራይት በዴይተን አቅራቢያ የወፍ መንጋ እያሳደደ ሲበር አንዷን ገደለ። ወፏም ክንፉ ላይ ወድቃ አብራው በረረች፤ አውሮፕላኑ በድንገት ሲታጠፍ ግን እርሷ አብራ አልታጠፈችም፣ ተንሸራትታ ወደቀች።