የትምህርት ቤት ሩጫ ትዝታና ያልተጻፈው መዝገብ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ ሲወዳደር ያደገ ሰው የመምህራኑን ስም ግማሹን ረስቶ፣ የፈተና ውጤቱንም ጨርሶ ዘንግቶ ሳለ፣ የአንድን ውድድር የመጨረሻ ዙር ግን ማን ከፊቱ እንደነበረና በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንዳለፈው ወይም እንደተቀደመ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዝርዝር ሲያወሳ መስማት የተለመደ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ሰዎች በጎልማሳነታቸውና በእርጅናቸው ያለፈ ሕይወታቸውን ሲያስታውሱ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የገጠማቸው ነገር ከሌላው ዘመን በበዛና በጎላ መልኩ ይመጣላቸዋል፤ ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱም በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከናወን መሆኑ ነው። ሩጫ ደግሞ አንድ ልጅ ያለ ወላጅ ድጋፍና ያለ ታላቅ ወንድም ከለላ፣ መላው ትምህርት ቤት እያየው፣ በገዛ እግሩ ብቻ ከሚመዘንባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ በመሆኑ በትዝታ ውስጥ ልዩ ስፍራ ቢይዝ አያስገርምም።

ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በክፍል ለክፍል ግጥሚያ ሲሆን፣ ከዚያ የተመረጡት ትምህርት ቤታቸውን ወክለው ወደ ወረዳ፣ ቀጥሎም ወደ ዞንና ወደ ክልል ይሄዳሉ። የመሮጫው ሜዳ፣ በአትሌቲክስ ቋንቋ «መም» የሚባለው፣ በደንቡ አንድ ዙሩ 400 ሜትር መሆን ሲገባው፣ የትምህርት ቤቱ ግን ከእግር ኳስ ሜዳው ዳር ዳር በኖራ ወይም በአመድ የተሰመረ፣ መታጠፊያው የጠበበና ዙሩ ያጠረ ይሆናል፤ በውጭኛው መስመር የሚሮጠው ልጅም ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሮጣል፤ በትክክለኛ መም ላይ ይህ ልዩነት የሚካካሰው የውጭኛውን ሯጭ መነሻ ወደ ፊት በማስቀደም ነው። አንዱ በሸራ ጫማ፣ ሌላው በባዶ እግሩ ይሰለፋል፣ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ይነፋል፣ ተማሪው በጩኸት ሜዳውን ይሞላዋል። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ቢሆንም፣ በጠዋት ሰልፍ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ስሙ ተጠርቶ በጭብጨባ የሚቀበለው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ ሲወሳ የሚኖረው ግን የዱላ ቅብብል ነው። አራት ሯጮች እየተቀባበሉ በሚሮጡት የ4 ጊዜ 100 ሜትር ውድድር ተቀባዩ ወደ ኋላ ሳይመለከት መሮጥ ጀምሮ እጁን ወደ ኋላ በመዘርጋት፣ 30 ሜትር በሆነው የመቀባበያ ክልል ውስጥ ዱላውን መረከብ ይኖርበታል። በትምህርት ቤት ግን ዱላው ከአጥር የተቆረጠ እንጨት ሲሆን፣ ተቀባዩም ቆሞ፣ አንገቱን አዙሮ፣ «ቶሎ! ቶሎ!» እያለ ይጠብቃል፤ በላብ የረጠበው እንጨት ሲያመልጥና መሬት ሲወድቅ የመላው ክፍል ጩኸት ይሰማል። በግል ሩጫ የተሸነፈ ልጅ ለራሱ ብቻ ያዝናል፣ ዱላ የጣለ ልጅ ግን ሦስት ጓደኞቹን ያስባል፤ እነዚያ ጓደኞች ወዲያው ከበው ሲያጽናኑት የተፈጠረ ወዳጅነትም ብዙ ጊዜ ከውድድሩ ውጤት በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

ይህ ትዝታ ከአገሪቱ የሩጫ ታሪክ ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ፣ በአሰላ አካባቢ የሚኖረው ሕፃኑ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድሉን በሬዲዮ መከታተሉን በኋላ ተናግሯል። ኃይሌ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይሮጥ ስለነበር፣ ደብተሮቹን ይይዝበት የነበረው ግራ እጁ በዓለም መሞች ላይም ታጥፎ እንደቀረ ብዙዎች አስተውለዋል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን የማራቶን ሯጮች በልጅነታቸው ከሌሎች ይልቅ ከራቀ ስፍራ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር፣ ብዙዎቹም መንገዱን በሩጫ ይጨርሱት እንደነበር አመልክተዋል።

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው የአርሲዋ በቆጂ ግን መንገዱ ብቻውን እንደማይበቃና መምህርም እንደሚያስፈልግ ታሳያለች። በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሳሰሉ ልጆችን ከትምህርት ቤት ሜዳ አንሥቶ ወደ ትልቁ መድረክ ያሻገረ አሠልጣኝ ነው። ከዚያው አካባቢ የወጣችው ደራርቱ ቱሉም በትምህርት ቤቷ የ400 ሜትር ውድድር ላይ የታወቀውን ወንድ ሯጭ ቀድማ መግባቷ በሕይወት ታሪኳ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያገኘችው ወርቅም ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር።

ይሁን እንጂ በየሜዳው ከሮጡት ልጆች እጅግ የሚበዙት ደራርቱን ወይም ኃይሌን አልሆኑም፤ ነርስ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ መምህር ሆነዋል። በዞን ውድድር አራተኛ የወጣች ልጅ ትዝታም ከባለወርቋ ትዝታ የሚያንስ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ያንኑ የፊሽካ ድምፅ ጠብቀው፣ ያንኑ የመጨረሻ ዙር ትንፋሻቸው እያጠረ ጨርሰዋል። ልዩነቱ የባለወርቋ ሰዓት በዓለም መዝገብ ሲሰፍር የሌላዋ በብዙ ትምህርት ቤቶች የትም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው፤ ሯጮቹና የስፖርት መምህሩ ሲያልፉ ታሪኩም አብሮ ያልፋል። ይህ ጉድለት በቀላሉ ሊታረም የሚችል ነው።

ዛሬ በመምህራን እጅ ያለው ስልክ የሩጫ ሰዓት ስላለው የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ልማድ ነው። እርግጥ እንዲህ በእጅ የተያዘ ሰዓት፣ ያዢው በመነሻው ላይ ጣቱን እስኪጫን ጥቂት ስለሚዘገይ፣ ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ያጠረ ሆኖ ይመዘገባል፤ በ100 ሜትር ሩጫ ይህን ለማስተካከል 0.24 ሰከንድ መጨመር የተለመደ ነው። ስለዚህ ርእሳነ መምህራን የየዓመቱን ውድድር የሯጮች ስም፣ ክፍል፣ ርቀትና ሰዓት፣ የሜዳውን ዙር ርዝመትም ጭምር በአንድ መዝገብ ላይ አስፍረው በቤተ መጻሕፍት ያኑሩ፤ ቀደም ሲል የሮጡትም የሚያስታውሱትን ጽፈው ለተማሩበት ትምህርት ቤት ያስረክቡ።