የተነቀለ ጥርስ ጕድጓድ በማን ይሞላል?

ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ከሐኪም ዘንድ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ «ባረቄ ተጕመጥመጥ» ይለዋል፤ ሌላው «ደሙን ጠርገህ ቅርንፉድ ወትፍበት» ይለዋል። እኛም ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ መንጋጋ ጥርሳችንን ባስነቀልን ጊዜ ይህ ሁሉ ምክር ደርሶናል። በማግሥቱ ጕንጫችን አብጦ ባደረ ጊዜ፥ ምክሩን ባለመስማታችን ጥቂት ተጸጽተን ነበር። ነገሩን ከመረመርን በኋላ ግን ጸጸቱ ለቀቀን።

ጥርሱ እንደ ወጣ ጕድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም እድፍ መስሎ ቢታይም፥ ለሚመጣው አጥንት የመጀመሪያው መሠረት እርሱ ነው። በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ውሃማው ፈሳሽ ሾልኮ ይወጣል፤ እብጠት የምንለውም ይኸው ነው። በተከፈተው መንገድ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርሰው፥ ከአፍ የማይታጡትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይዋጋሉ። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው።

ተከትለው የሚመጡት ማክሮፌጅ ይባላሉ፤ ትርጓሜው «ታላቅ በላተኛ» ማለት ነው። በካርኮቭ አጠገብ የተወለደው ሊቅ ኤልያ ሜችኒኮፍ፥ በ1882 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በመሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾኽ ሰክቶ ቢያድር፥ በማግሥቱ ሕዋሳት እሾኹን ከበውት አገኘ። በዚሁ ሥራው በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማክሮፌጆቹ የሞቱትን ኒውትሮፊሎች በልተው ቦታውን ካጸዱ በኋላ ጠባያቸው ይለወጣል፤ የተዋጊነቱን ነገር ትተው አዳዲስ የደም ሥሮችንና አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን የሚጠራ ቅመም ያመነጫሉ። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ማክሮፌጆቹ እንዲጠፉ በተደረገ ጊዜ፥ የተጐዳው አጥንት እንደሚገባ ሳይድን ቀርቷል። ያልተገታ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቍስሉ የሚዘገየውም በከፊል ይህ ለውጥ ስለሚጓተትበት ነው።

ሲጋራ የሚወዱ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉልን። የረጋው ደም ተጠርጎ ወይም ሟሙቶ ከጠፋ፥ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይነሣል፤ ማጨስም ይህን አደጋ ያበዛዋል። እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ቢሄድ፥ ትኩሳትና መግልም ቢታይ፥ ወደ ሐኪም መመለስ ነው እንጂ አረቄ አይረዳም።

ሥራው በፍጥነት አያልቅም። መጀመሪያ የሚበቅለው አጥንት ሻካራ ነው፤ እርሱን የሚያፈርሱት ሕዋሳት ከማክሮፌጅ ጋራ የአንድ ዘር ልጆች ሲሆኑ፥ ሠሪዎቹ ደግሞ በፈረሰው ቦታ ጠንካራውን ይተካሉ። የድዱ ስፋት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ እኩሌታው ሊቀንስ ስለሚችል፥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስተከል ያሰበ ሰው ሐኪሙን ቀድሞ ቢያማክር ይሻለዋል።

የእኛ እብጠት በአራተኛው ቀን ጐደለ። ዛሬ ድዱ ገጥሟል፤ ምላሳችን ግን አሁንም ቦታውን ይፈልጋል። ከሥሩ ያሉት ሠራተኞች ገና ወራት ይቀራቸዋል።