ወንዝ ይዞት የሚሄደው ማዳበሪያ

ከቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚጣለው ገለፈትና እጣቢ፣ ገበሬው ከውጭ እስኪመጣለት ከሚጠብቀው ማዳበሪያ ጋር የሚጋራው ንጥረ ነገር አለው

የክረምቱ ዝናብ ቀለል ሲል ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና ምድር እሸቱ ይቀላል። ቀን የተለቀመው ቡና አመሻሹ ላይ መፈልፈያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ማሽኑም ሌሊቱን ሲፈለፍል ያድራል። እጣቢው በቀጥታ በሚለቀቅበት ቦታ ሁሉ፣ በማግሥቱ ጠዋት ጅረቱ መልኩን ለውጦ፣ የጎመዘዘ ጠረን ይዞ ይወርዳል። ከታች ውሃ የሚቀዱና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ወቅቱን በጠረኑ ያውቁታል።

የታጠበ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በጀንፈል ከደረቀው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ገዢው ለንጹሕ ጣዕም ይከፍላል። ትርፉ በአቅራቢውና በላኪው ደብተር ላይ ይመዘገባል። የማጠቡ ወጪ ግን በማንም ደብተር ላይ ሳይሰፍር ወንዙ ላይ ይቀራል።

ሒሳቡ

አንድ ጣቢያ በአንድ ወቅት 5,000 ኩንታል እሸት ቡና ቢረከብ፣ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ገለፈት ስለሆነ 2,000 ኩንታል ገለፈት ይከመርበታል። ውሃውን መልሶ የማይጠቀም ጣቢያ ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ያፈሳል። በዚህ ስሌት እጣቢው ቢያንስ 5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል።

ገለፈቱና በፍሬው ላይ ያለው ልጋግ ስኳር፣ ናይትሮጅን፣ ፖታሽና ፎስፈረስ አላቸው። ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ቀድሞ የሚጎዳው ስኳሩ ነው። ስኳሩን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱት ዓሣው ይታፈናል። ፎስፌቱ ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ከደለሉ ጋር ተኝቶ ይቆይና ውሃው ረጋ በሚልበት ቦታ አልጌና አረም ይቀልባል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ፣ ከማሳና ከከተማ በሚገባ እንዲህ ባለ ምግብ የሚፋፋ አረም ነው። ከተስፋፋ በኋላ እሱን መንቀል ምን ያህል ጉልበትና ገንዘብ እንደሚጠይቅ አገር ያየው ጉዳይ ነው።

የደቡብ ምዕራብ ወንዞች መንገዳቸው ሁለት ነው። የሚዛንና የቴፒ ውሃ ወደ ባሮ አኮቦ ተፋሰስ ይወርዳል። ከማጂ ደጋ ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚነሳው ግን ኦሞን ተቀላቅሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ጨዋማና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባበት ውሃ በትነት ሲሄድ፣ ይዞት የመጣው ነገር እዚያው ይቀራል።

ከመስታወት ገንዳ የሚገኝ ትምህርት

መውጫ የሌለውን ውሃ ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት፣ በበለጸጉት አገሮች የባሕር ዓሣና ኮራል በአኳሪየም የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። ለዓሣው ከሚጨመረው ምግብ የሚወጣው ፎስፌት ይጠራቀምና ገንዳውን አልጌ ያለብሰዋል፤ የኮራሉንም እድገት ያቀጭጫል። ስለዚህ ብዙዎቹ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይጥራሉ። ዘዴያቸውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ምግቡን ይቀንሳሉ፣ ቀጥሎ ውሃውን በከፊል ይለውጣሉ፤ ይህ ካልበቃ ፎስፌት የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ገዝተው በማጣሪያው ውስጥ ያደርጋሉ። ጠጠሩ ሲሞላ ስለሚጣል ውድ የሚሆነው ይኸው የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ያ ጠጠር በቀላል ቋንቋ ዝገት ነው። የደቡብ ምዕራብን አፈር ቀይ ያደረገውም የብረት ኦክሳይድ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የበተነውን ፎስፌት አፈሩ አጥብቆ ይይዝበትና ሰብሉ ጥቂቱን ብቻ ያገኛል። ለማሳ እርግማን የሆነው ይህ ጠባይ ለእጣቢ ውሃ በረከት ሊሆን ይችላል። ውሃው በቀይ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ፎስፌቱን ጥሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ አፈሩም እንደ ጠጠሩ ይሞላል። ከዚህም በላይ ጉድጓዱ ኦክስጅን አጥቶ ሲበሰብስ ብረቱ የያዘውን መልሶ ይለቃል። እጣቢን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት ማጠራቀም መፍትሔ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ርካሹ ከምንጩ መያዝ ነው

ለጣቢያዎችም የሚበጀው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። ገለፈቱን በውሃ እየገፉ ከማውጣት ይልቅ በደረቁ መለየት ብዙውን ንጥረ ነገር ከወንዙ ያስቀራል። ውሃን መልሶ መጠቀም ቀጥሎ ይመጣል። ኮሎምቢያ ውስጥ የተስፋፉት ውሃ ቆጣቢ ማሽኖች ለአንድ ኪሎ ቡና 1 ሊትር ገደማ ውሃ ብቻ ይበቃቸዋል። ለተረፈው እጣቢ ኖራ ይጨመርበታል። ኖራው አሲዱን ያበርዳል፣ ከፎስፌቱም ከፊሉን ያዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ውሃው በቬቲቨር ሣር መደብ ላይ ይለቀቃል። ሣሩን የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል በ1960ዎቹ ለአፈር ጥበቃ ያስገባው በመሆኑ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ ለሚገባ አዲስ መሣሪያም ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ የመሆን ዕድል ሰጥቷል።

የቀረው የገለፈቱ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የፎስፌት ማዳበሪያዋን በዶላር ከውጭ ታስገባለች። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ጫናው እስከ ገበሬው ማሳ ተሰምቷል። እርግጥ ገለፈት 38 በመቶ ፎስፌት ያለውን የኤንፒኤስ ከረጢት አይተካም። ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፤ ናይትሮጅኑና ፖታሹ ይበልጣሉ። ነገር ግን በአግባቡ ሲብላላ ለቡና ማሳ የሚሆን ኮምፖስት ይወጣዋል፤ በአሲድ ለተጎዳው አፈርም ብርታት ይሰጣል።

እንቅፋቱ ማጓጓዣው ነው። ገለፈት ከባድ ስለሆነ ሩቅ ቢጫን ወጪውን አይመልስም። የነጋዴ ጣቢያ ማሳ ከሌለው ኮምፖስቱ አይጠቅመውም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ጣቢያ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው። እሸቱን ያደረሰው አህያና መኪና ባዶውን ከሚመለስ ኮምፖስት ጭኖ ቢመለስ ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው። ነጋዴውም ቢሆን እሸት ለሚያቀርቡለት ገበሬዎች ኮምፖስቱን ቢሰጥ፣ በቀጣዩ ወቅት ደንበኞቹን የሚያቆይበት መላ ያገኛል።